ቦቢናው ደጋግሞ የሚቃጠለው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ ፒያሳ አካባቢ ነው። ከአባቴ የወረስኳት ቶዮታ ዲኤክስ መኪና አለችኝ፤ ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ዕቃ) ያላትና በፑንቲና (ሞተሩ ሲዞር በሚዘጋና በሚከፈት የኤሌክትሪክ ማገናኛ) የምትሠራ ናት። ባለፈው ኅዳር አንድ ቀን ጠዋት ቁልፉን ሳዞር ሞተሩ ይነሳና ቁልፉን ስለቅ ወዲያው ይጠፋ ጀመር። የሰፈራችን የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ከቦቢናው (ለካንዴላዎቹ ከፍተኛ ቮልት ከሚያመነጨው ዕቃ) ጎን የነበረችውን ነጭ የሸክላ ዕቃ ፈትቶ፣ «ይህቺ ሞታለች፤ ብትኖርም ባትኖርም ግድ የለም» ካለኝ በኋላ ገመዱን በቀጥታ አገናኘልኝ፤ መኪናዋም በደንብ ተነሳች። ከዚያ ወዲህ ግን በሰባት ወር ውስጥ ሦስት ቦቢና፣ ሁለት ፑንቲናና አንድ ኮንደንሰር (ፑንቲናውን ከመቃጠል የሚጠብቅ ዕቃ) ቀይሬያለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የምትቆምብኝ በቸርችል ጎዳና መንገዱ ሲጨናነቅ ነው፤ ቦቢናው እጅ እስከማያስነካ ድረስ ይግላል፤ ግማሽ ሰዓት ካረፈች ትነሳለች፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ቦቢናው ጨርሶ ይሞታል። በሞተሩ ውስጥ እሳት የሚጭሩት ካንዴላዎችም ጥላሸት ይይዛሉ። አንዱ መካኒክ የምገዛው ዕቃ አስመስለው የሠሩት ነው ይለኛል፤ ሌላው የአዲስ አበባን ከፍታ ያነሳል፤ ሦስተኛው ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ነው ይላል። የግንባር መብራት አምፖል ተቃጥሎብኝ አያውቅም፤ የባትሪውም ውሃ አይጎድልም። የማንን ልስማ?

መልስ፦ ክቡር አንባቢያችን፣ ደብዳቤዎን በጥንቃቄ ስለጻፉት እናመሰግናለን፤ እንደ ዋዛ የጠቀሷት ያቺ ነጭ የሸክላ ዕቃ ነገሩን ሁሉ የምትፈታ ይመስለናል።

ስሟ ሬዚስታንስ ነው። ከቁልፉ ወደ ቦቢናው በሚሄደው መስመር መካከል ገብታ የኤሌክትሪኩን መጠን ትገድባለች። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ሲዞር የባትሪው ኃይል ወደ 10 ቮልት ገደማ ስለሚወርድ፣ በዚያች ቅጽበት ብቻ ቦቢናው በሌላ ገመድ አማካይነት ያለውን ኃይል በሙሉ እንዲያገኝ ይደረጋል፤ ቁልፉ እንደተለቀቀ ግን ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው በሬዚስታንሷ በኩል ነው። ስለዚህ እርሷ ስትበጠስ መኪናው ቁልፉ እስከተያዘ ድረስ ይነሳል፣ ሲለቀቅ ይጠፋል፤ ኅዳር ላይ ያጋጠመዎት በትክክል ይኸው ነው። ባለሙያው በሽታውን በሚገባ አግኝቶታል። ስህተቱ በሞተችው ምትክ ሌላ ሬዚስታንስ ማስገባት ሲገባው ባዶ ሽቦ ማገናኘቱ ነው።

ጉዳቱ ምን ያህል እንደሆነ በቀላል ሒሳብ ማየት ይቻላል። ከሬዚስታንስ ጋር እንዲሠራ የተሰናዳ ቦቢና በሁለቱ ትናንሽ ተርሚናሎቹ መካከል የሚኖረው መቋቋም ወደ 1.5 ኦም ገደማ ነው። ሬዚስታንሷ ሌላ 1.5 ኦም ስትጨምርበት ድምሩ 3 ኦም ይሆንና ከ12 ቮልት ባትሪ 4 አምፔር ያልፋል። እርሷ ስትወጣ ያው ባትሪ 8 አምፔር ይልካል። ሙቀት የሚጨምረው ደግሞ በአምፔሩ ልክ ብቻ ስላልሆነ፣ ፍሰቱ በእጥፍ ሲያድግ በቦቢናው ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናል፤ 24 ዋት የነበረው 96 ዋት ይደርሳል ማለት ነው። ፑንቲናውም ለ4 አምፔር የተዘጋጀውን ፊቱን ለ8 ስለሚያቀርብ ቶሎ ይቃጠላል። የጣሉትን ፑንቲና ካገኙት ፊቱን ይመልከቱት፤ ሰማያዊ ወይም ጥቁር ግራጫ መልክ ይዞ ከሆነ ከልክ ያለፈ ፍሰት እንዳለፈበት አንዱ ምልክት ነው።

በቸርችል ጎዳና ላይ የሚቆሙበትም ምክንያት ከዚሁ ይነሳል። ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር ፑንቲናው የሚዘጋበት ጊዜ እጅግ አጭር ስለሚሆን ፍሰቱ ከፍተኛው መጠን ላይ ሳይደርስ ይቋረጣል። ከለገሃር ወደ ፒያሳ በተጨናነቀው ሰዓት እየቆሙ ሲወጡ ግን ሞተሩ በዝግታ ስለሚዞር ፑንቲናው በእያንዳንዱ ዙር ረዘም ላለ ጊዜ ይዘጋል፤ ቦቢናው ሙሉውን ፍሰት ይቀበላል፤ የሚያቀዘቅዘው ነፋስም የለም። በውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ መሸፈኛው በሙቀት ይላላል፤ ሲቀዘቅዝ ለጊዜው ይሠራል፤ ሲደጋገምበት ይበሳል።

ይህን በግምት መቀበል አይገባዎትም፤ በቴስተር፣ ማለትም በኤሌክትሪክ መለኪያ፣ ይረጋገጣል። ሞተሩ ቆሞ፣ ቁልፉ ተከፍቶና ፑንቲናው ተዘግቶ እያለ፣ በቦቢናው ፖዘቲቭ ተርሚናልና በመኪናው አካል መካከል ያለውን ቮልት ያስለኩ። ከ5 እስከ 8 ቮልት ባለው መካከል ከሆነ መስመሩ ሬዚስታንስ አለው። ወደ 12 የሚጠጋ ከሆነ የለውም። ፑንቲናው ክፍት ከሆነ ግን ሁልጊዜ 12 ስለሚያሳይ ሞተሩን በእጅ ትንሽ አዙሮ መዝጋት ያስፈልጋል። ልኬቱ እንዳለቀ ቁልፉን ወዲያው ይዝጉ፤ ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፍ ከፍቶ ሬዲዮ ማዳመጥ ራሱ ቦቢና የሚያቃጥል ልማድ ነው።

የመካኒኮቹን አስተያየት በተመለከተ፣ ዲናሞን የጠረጠሩት ባለሙያ ያነሱት ምክንያት በሌላ መኪና ላይ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ቮልቱን የሚቆጣጠረው ሬጉላተር ተበላሽቶ ከ15 ቮልት በላይ የሚልክ ዲናሞ ቦቢናን ይጎዳል። ነገር ግን እንዲህ ያለ ዲናሞ አምፖል ያቃጥላል፣ የባትሪ ውሃም ይጨርሳል፤ እርስዎ ሁለቱም እንዳልደረሰብዎት ጽፈዋል። ቢሆንም ቴስተሩ በእጅ እያለ ሞተሩን አስነስቶ በባትሪው ላይ መለካት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ከ13.8 እስከ 14.8 ቮልት ባለው ውስጥ ከሆነ ዲናሞው ነፃ ነው።

ከፍታው ጥላሸቱን ያስረዳል፤ ቦቢናውን ግን አያቃጥልም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምትገኝ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ የሳሳ ነው፤ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላውም ይጠቁራል። መፍትሔው ካርቡራተሩን ማስተካከል ነው። «እሳቱ ይጠንክር» በማለት የካንዴላውን ክፍተት ማስፋት ግን አይበጅም፤ ክፍተቱ በሰፋ ቁጥር ቦቢናው የሚጠየቀው ቮልት ስለሚጨምር የተዳከመ መሸፈኛውን ይፈትነዋል። 0.8 ሚሊ ሜትር ለእርስዎ መኪና ይበቃል።

አስመስሎ የተሠራ ዕቃ በገበያው መኖሩን አንክድም፤ ሆኖም ሦስት ቦቢናዎች በተከታታይ በአንድ ዓይነት ሁኔታ ሲሞቱ ከሻጩ በፊት መስመሩ መመርመር አለበት። እውነተኛውም ቦቢና በዚህ መስመር ላይ ዕድሜ የለውም።

እንግዲህ ምርጫዎ ሁለት ነው፦ ወይ ያለዎትን ዓይነት ቦቢና ይዘው ሬዚስታንሷን መመለስ፣ ወይም ውጫዊ ሬዚስታንስ የማይፈልገውን ባለ 3 ኦም ቦቢና መግዛት። ሁለቱን አንድ ላይ አያድርጓቸው፤ ፍሰቱ ከ3 አምፔር በታች ወርዶ እሳቱ ይዳከማል። ወደ መኪና ዕቃ መሸጫው ሶማሌ ተራ ሲሄዱ ቴስተር ይዘው ይሂዱ፤ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት በቦቢናው ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ መካከል ያለውን ኦም ይለኩ። ርካሽ ቴስተሮች የራሳቸውን ገመድ ጭምር ስለሚቆጥሩ አስቀድመው ሁለቱን ጫፎች አገናኝተው የሚታየውን ቁጥር ከልኬቱ ይቀንሱ፤ በ1.5 እና በ3 መካከል ለመለየት ይህች ትንሽ ቁጥር ዋጋ አላት። ሬዚስታንሷን የሚመርጡ ከሆነ ለመኪና የተሠራችውን ይፈልጉ፤ ከሬዲዮ ጠጋኝ የምትገኘው ትንሿ ይህን ሙቀት አትችለውም። ስትሠራ ስለምትግል ከገመድና ከፕላስቲክ ርቃ በብረት ላይ ትታሰር።

በዚሁ ጊዜ የተቃጠለውን ፑንቲና ከኮንደንሰሩ ጋር አብረው ይቀይሩ፤ ክፍተቱም ከ0.4 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር ይሁን። ክፍተቱ ሲነካ እሳቱ የሚወጣበት ጊዜ አብሮ ስለሚዛባ ባለሙያው በጊዜ ማስተካከያ መብራት ሳያስተካክለው አያስረክብዎ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከሉ የአባትዎን መኪና የሚተካ በቀላሉ አያገኙም፤ ስለዚህ አራተኛውን ቦቢና ከመግዛትዎ በፊት ሦስቱን ልኬቶች፣ ማለትም የቦቢናውን ኦም፣ በቦቢናው ላይ ያለውን ቮልትና የዲናሞውን ቮልት፣ በወረቀት ላይ ያስፍሯቸው። ቁጥሮቹ ከጻፍነው ከተለዩ ይላኩልን፤ በሚቀጥለው እትም እንመለስበታለን።