ጌማችሁ ለምን አላልቅ አለ?

ውድ ታናናሾቼ፣

ይህን የምጽፈው ባሕር ዳር ውስጥ ሦስት አራት ሆናችሁ፣ ከፖሊ ስትወጡ ወይም ከሥራ መልስ ማታ ማታ ላፕቶፕ ላይ ተጥዳችሁ አንዲት የስልክ ጌም ለማውጣት ለምትደክሙ ነው። «ለፋሲካ ይወጣል» የተባለው ለእንቁጣጣሽ ይተላለፋል፣ ከዚያ ለገና። ቤተሰብ «ያ ነገር ከምን ደረሰ?» ማለት ሲጀምር መነቋቆር ይመጣል፤ ኮድ የሚጽፈው ሠዓሊዋን፣ ሠዓሊዋ ኮድ የሚጽፈውን። በእኔ ዕይታ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ስንፍና አይደለም። ሥራው ሳይቆጠር ቀን ስለተቆረጠለት ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። ሦስት ሰው በሳምንት ስምንት ስምንት ሰዓት ቢሰጥ 24 ሰዓት ነው። ከባሕር ዳር ተነሥቶ በእንቦጭ መሐል ታንኳ እየቀዘፉ ዘጌ የሚደርሱበት፣ አሥር ደረጃ ያለው ቀላል ጌም ሥዕሉም ድምፁም ተደምሮ 600 ሰዓት ይፈጃል ብላችሁ ብትገምቱ 25 ሳምንት ይሆናል። ለማስተካከያ ግማሹን ጨምሩበት፦ 900 ሰዓት፣ ማለትም ወደ 38 ሳምንት። ፈተና፣ በዓልና መብራት የሚጠፋበት ማታ ገና አልተነሣም። ቁጥሩ ካልጣማችሁ ደረጃውን ወደ አራት አውርዱ እንጂ ሰዓቱን አትሸራርፉ።

ሥራውን ስትከፋፍሉ አንዱ ሥራ ከሁለት ማታ አይብለጥ። «የሐይቁን ክፍል መሥራት» ብላችሁ ብትጽፉ መቼ እንዳለቀ ማንም አያውቅም። «ታንኳው እንቦጭ ሲነካ ፍጥነቱ በግማሽ ይቀንስ» ብትሉ ግን ያለቀና ያላለቀው ይለያል። አለቀ የሚባለውም ላፕቶፕ ላይ ሲታይ ሳይሆን ርካሽ ስልክ ላይ ሲሠራ ነው፤ ስለዚህ ጌሙ ባዶ ስክሪን ብቻ ቢሆንም በመጀመሪያው ሳምንት ኤፒኬ (ስልክ ላይ የሚጫነውን ፋይል) አውጥታችሁ ስልክ ላይ ጫኑት።

ወራት የሚበላው እዚህ ላይ ነውና ልዘግይበት። የጣና ውኃ ራሱ ወጥመድ ነው። እንዲያምር ብላችሁ አንዱን ለጥላ፣ አንዱን ለሞገድ፣ አንዱን ለፀሐይ ነጸብራቅ ሦስት አሳላፊ ንጣፍ ስትደራርቡ፣ ስልኩ ውኃው የሸፈነውን እያንዳንዱን ነጥብ (ፒክሰል) ሦስቴ ይቀባል። 720 በ1600 የሆነ ስክሪን ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ነጥብ አለው፤ ውኃው ስክሪኑን ከሞላ ለአንዲት ፍሬም (ስክሪኑ ላይ ለምትታይ አንዲት ምስል) ብቻ 3.5 ሚሊዮን ያህል ቅብ ማለት ነው። በሰከንድ 30 ፍሬም ለማሳየት ደግሞ ለአንዷ ያላችሁ ጊዜ 33 ሚሊሰከንድ ነው። ላፕቶፑ ከቁብ አይቆጥረውም፤ 2 ጊጋ ራም ያለው ቴክኖ ወይም አይቴል ግን ይንገዳገዳል። ጥላውንና ነጸብራቁን ሥዕሉ ላይ አብራችሁ ቀቡና ውኃውን በአንድ ንጣፍ ጨርሱት። ስትሞክሩም 20 ደቂቃ ሙሉ አጫውቱት፤ ሲጀምር ሸጋ ሆኖ ሲግል ፍጥነቱን የሚቀንስ ስልክ ብዙ ነው።

ሥዕሎችም እንዲሁ። የፋይሉ ትንሽነት አያታላችሁ፤ 2048 በ2048 የሆነ ሥዕል ፒኤንጂው 300 ኪሎባይት ቢሆንም ሳይጨመቅ ሲከፈት 16 ሜጋባይት ሜሞሪ ይይዛል። ኢቲሲ2 በሚባለው የሥዕል መጭመቂያ ሲጨመቅ 4 ሜጋባይት ይሆናል፣ ኤኤስቲሲ 6 በ6 በሚባለው ደግሞ ከ2 በታች።

ዩኒቲ (ጌም መሥሪያው ሶፍትዌር) ላይ አማርኛ ስትጽፉ ባዶ ሳጥን የሚደረደረው አብሮት የሚመጣው ፎንት ፊደላችንን ስለሌለው ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን ፎንት አስገቡና የቴክስትሜሽ ፕሮ (የዩኒቲ ጽሑፍ ማሳያ) ፎንት ስታዘጋጁ የፊደሉን ክልል በዩኒኮድ ቁጥሩ ከ1200 እስከ 137ኤፍ (137F) ብላችሁ ስጡት። ከ350 በላይ ቅርጽ ስለሚገባበት ፊደላቱ የሚደረደሩበት ሥዕል (አትላስ) 1024 በ1024 ከሆነ ለአንዱ ፊደል ከ50 ነጥብ ብዙም የማይበልጥ ቦታ ይደርሰውና ጎልቶ ሲጻፍ ጠርዙ ይደበዝዛል፤ 2048 አድርጉት። (አራት ነጥብና ሁለት ነጥብ መግባታቸውንም በዓይናችሁ አረጋግጡ፤ ብዙ ሰው የሚረሳው እነሱን ነው።)

መብራት ፋይል በሚጫንበት ሰዓት ጠፍቶ ፕሮጀክቱ አልከፈት ካለ አትደንግጡ። ላይብረሪ የሚባለውን ፎልደር ብታጠፉት ዩኒቲ እንደገና ይሠራዋል፣ ጊዜ ይወስዳል እንጂ የሚጠፋ ነገር የለም። አሴትስን፣ ፓኬጅስንና ፕሮጀክት ሴቲንግስን ግን እንዳትነኩ። ጊት (የሥራችሁን ለውጥ የሚመዘግበው ፕሮግራም) ላይ የሚቀመጡትም እነዚህ ሦስቱ ናቸው፤ ላይብረሪን ካስገባችሁት ጊጋ በጊጋ እየሆነ ዳታችሁን ይጨርሳል።

የሚወጣበትን ቀን ለሰው የምትናገሩት ሙከራው ሲጀመር ነው። ጎግል ፕሌይ ለምዝገባ አንድ ጊዜ 25 ዶላር ይጠይቃል፣ ያውም ለውጭ ክፍያ በሚሠራ ካርድ፤ ካርዱን ከማን እንደምታገኙ ዛሬውኑ አስቡበት። ከኅዳር 2023 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ወዲህ የተከፈተ የግል አካውንት ከሆነ ደግሞ ቢያንስ 12 ሞካሪዎች ለ14 ተከታታይ ቀን በዝግ ሙከራው (የጋበዛችኋቸው ሰዎች ብቻ በሚሞክሩት) ውስጥ መቆየት አለባቸው። አሥራ ሁለት ብቻ ከያዛችሁ አንዱ ሲወጣ ቁጥሩ ይጎድላል፤ ሃያ ያዙ።

ኤፒኬውን በቴሌግራም የምታድሉ ከሆነ ጌሙን የምትፈርሙበትን የኪስቶር ፋይል (አዲሱ እትም የእናንተው መሆኑን ስልኩ የሚያውቅበትን ቁልፍ) እና የይለፍ ቃሉን ሁለት ፍላሽ ላይ፣ በሁለት ሰው ቤት አስቀምጡ። እሱ ከጠፋ አዲሱ እትም በአሮጌው ላይ አይጫንም፤ ተጫዋቹ የድሮውን ማጥፋት ግድ ይሆንበታል፣ ስልኩ ላይ ያስቀመጠው ደረጃም አብሮ ይሄዳል።