መጀመሪያ ውሃው፣ ቀለሙ ይደርሳል

ልጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ስልኬ ሥራ የሚበዛበት በነሐሴ ነው። የሚደውሉት ጠላ ጠምቀው፣ ጠጅ ጥለው የሚያድሩ ልጆች ናቸው። አንዳንዱ ከደሴ፣ አንዳንዱ ከኮምቦልቻ፣ አንዳንዱ ከቆቦ። ጥያቄው ግን አንድ ነው። «ጋሼ፣ ጎርፍ ገባብን። ከየት እንጀምር?» ዕድሜዬን የፈጀሁት ቢራ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ስለሆነ የሚጠመቅ ነገር ሁሉ ወደ እኔ ይላካል። ለእያንዳንዱ በስልክ ከምለፈልፍ አንዴ ጽፌ ልገላገል አልኩ።

የምነግራችሁ ስለ ቅደም ተከተል ነው። ጎርፍ ከሄደ በኋላ ሰው ለማደስ የሚሮጠው ዓይን የሚያየውን ነው። ግድግዳው ጭቃ ነክቶታል፣ ቀለም ይገዛል። አግዳሚው ተሰብሯል፣ አናጢ ይጠራል። ዋናው ሥራ ሳይጀመር ብሩ ያልቃል። ደንበኛ ደግሞ ግድግዳ አይጠጣም። ያለቻችሁን ጥቂት ብር መጀመሪያ ጋን ውስጥ በሚገባው ነገር ላይ አውሏት።

ባለፈው ክረምት ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ወንዝ ዳር ጠላ ቤት የከፈቱ ሦስት ጓደኛሞች ጠርተውኝ ሄድኩ። ሌሊት የገባው ውሃ ግድግዳው ላይ ከጉልበት በላይ መስመር አስምሮ ወጥቷል። የጋኖቹ ምርጊት ሟሙቶ ድፍድፉ ከጎርፉ ጋር ተቀላቅሏል። የገብስ ጆንያው ተነፍቶ ስፌቱን ሊበጥስ ደርሷል። ቀለም ቀቢው ግን መሰላል ላይ ነው! ምን አስቸኮላችሁ ብል «እንቁጣጣሽ ደረሰ እኮ ጋሼ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ለጠላ ቤት መስከረም ማለት የዓመቱ ጥሩ ገበያ ነው። ጠላ ደግሞ ከጥንስሱ እስኪደርስ 10 ቀን ገደማ ይፈልጋል። ዛሬ ካልጠነሰስን አለቀልን ብለው ነበር የቆዩኝ።

ከጓሮ ጉድጓድ የቀዱትን ውሃ በብርጭቆ አሳዩኝ። ጥርት ያለ ነው። «ይኸው ንጹሕ ነው» አለኝ አንደኛው። እስቲ አስቡት። ቦርከና የሚነሳው ከደሴ በላይ ካለው ደጋ ነው። ደሴን አቋርጦ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ ይደርሳል። በመንገዱ መጸዳጃ ቤቱንም፣ ጋራዡንም፣ ቄራውንም ጠራርጎ ነው የሚመጣው። ኮምቦልቻ ሲደርስ የፋብሪካ ፍሳሽ ይጨመርበታል። ጭቃው ሲዘቅጥ ውሃው ይጠራል፣ ጀርሙ ሁሉ ግን ከጭቃው ጋር አይዘቅጥም።

ስለዚህ ጎርፍ የገባበት ጉድጓድ መጀመሪያ ደለሉ ይውጣ፣ የደፈረሰው ውሃም ተቀድቶ ይደፋ። ቀጥሎ በረኪና ነው። ሽታ ያልተጨመረበት ይሁን። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ ገደማ የሚል ከሆነ 1 ሊትሩ ለ1,000 ሊትር ውሃ ይበቃል። የጉድጓዱ ግድግዳም በዚያው ውሃ ይታጠብ። ቢያንስ ሌሊቱን ይደር። ከዚያ የበረኪናው ክሎሪን ሽታ እስኪጠፋ ቀድታችሁ ድፉት። ከዚያም በኋላ ናሙና አስመርምሩ። ደሴ ላይ የአማራ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ቅርንጫፍ አለ። የከተማው ጤና ጽሕፈት ቤትም መንገዱን ያሳያችኋል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ክሎሪን የሚገድለው ጀርም ነው። ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣ ክሮም የሚባል ብረት በክሎሪንም በማፍላትም አይጠፋም። የፋብሪካ ፍሳሽ የሚደርስበት ሰፈር ያላችሁ ልጆች ጉድጓዱን ለዕቃ ማጠቢያም ቢሆን እርሱት። የቧንቧ ውሃ ይጠራቀም፣ ካልበቃ በቦቴ ይገዛ። ይወደዳል፣ አውቃለሁ።

በረኪና ያያችሁ ሰዎች ደግሞ ሌላ ጉድ ታመጣላችሁ። ጋኑን በበረኪና አጥባችሁ፣ በደንብ ሳታለቀልቁ በወይራ ታጥኑታላችሁ። በጭሱ ውስጥ ያለው ነገር ከክሎሪኑ ጋር ሲገናኝ መጥፎ ጣዕም ይወልዳል። ትንሿ ጠብታ ትበቃለች። ጠጪው አንዴ ተጎንጭቶ «ይሄ ነገር ሆስፒታል ሆስፒታል ይላል» ይላችኋል። ፋብሪካ እያለሁ ይሄን ጣዕም ፍለጋ ስንት ቀን አፍንጫዬን ብርጭቆ ውስጥ ቀብሬ ውያለሁ። መፍትሔው ቀላል ነው። ክሎሪን የነካውን ዕቃ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ደጋግማችሁ አለቅልቁ፣ ፀሐይ ላይ ገልብጡት፣ ከዚያ ግራዋው፣ በመጨረሻ ወይራው።

እህሉ ጋ ስደርስ ነው ጠብ የተነሳው። የወሎ ሰው እህል መጣል አይችልም። የ1966ቱንና የ1977ቱን ረሃብ ያየ ቤተሰብ ያሳደገው ልጅ መሬት የወደቀ ቁራሽ እንጀራ እንኳ አንስቶ ስሞ ነው የሚያስቀምጠው። እኔም እንደዚያው ነኝ። ቢሆንም ጎርፍ የነካው ገብስ፣ ብቅልና ጌሾ ይጣላል። «አድርቀን ብንቆላውስ? አሻሮ እናድርገው» አሉኝ። አይሆንም። እርጥብ እህል ውስጥ የሚያድገው ሻጋታ የሚተወው መርዝ አለ፣ አፍላቶክሲን ይባላል። በመቁላትም በመቀቀልም ተሟጦ አይጠፋም። ለከብት እንሽጠው አሉ። ላሟ ብትበላው ወደ ወተቷ ይሻገራል፣ ወተቱን የሚጠጣው ደግሞ ሕፃን ነው።

ይሄ የላቦራቶሪ ሰው ማስፈራሪያ እንዳይመስላችሁ። ሩቅ ሳንሄድ፣ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ዋድላ ደላንታ ውስጥ የደረሰ አለ። ዝናብ በዝቶ ከርሞ፣ ገብሱ መሃል የበቀለው ሲናር ጥቁር ፈንገስ ያዘው። ያንን የበሉ ከ100 በላይ ሰዎች ታመሙ። እጅና እግራቸው እየጠቆረ የተቆረጠባቸው ነበሩ፣ ከሦስቱ አንዱ ያህል ሞተ። የፈንገሱ ዓይነት ከጎተራ ሻጋታ ይለያል። ግን ዝናብ የተጫወተበትን እህል «ምንም አይል» የሚለኝን ሰው የማልሰማው በዚህ ምክንያት ነው።

ጆንያዎቹን ልጆቹ ራሳቸው አውጥተው ቀበሩ። አንደኛው ያን ቀን አላናገረኝም።

ጋኖቹ ላይ ግን እኔም አዘንኩ። ሸክላ ውሃ ይመጥጣል። ፍሳሽ ውስጥ የተነከረ ጋን ከውጭ ቢታጠብም የመጠጠውን አይተፋም። ጎርፉ አፉ ድረስ የዋጠውን አውጡት፣ አበባ ትከሉበት። መደብ ላይ ተቀምጦ ውሃው ያልደረሰበት ይትረፍ። የፕላስቲክ በርሜል ይታጠባል፣ ውስጡ የተጫጫረ ካልሆነ።

ሰው የማያስበው የጋኑ ኪሳራ ዋጋው ብቻ አለመሆኑን ነው። ባህላዊ ጠላ ውስጥ ከሱቅ የተገዛ እርሾ አይገባም። የሚያፈላው ከጌሾው፣ ከብቅሉና ከጋኑ ግድግዳ የሚመጣው ነው። ለዓመታት ሲጠመቅበት የኖረ ጋን የራሱን እርሾ ይዞ ይኖራል። እሱ ሲሄድ የቤቱ ጣዕም አብሮት ይሄዳል። አዲስ ጋን ገዝታችሁ፣ አሟሽታችሁ፣ አጥናችሁ የጠመቃችሁት የመጀመሪያው ጠላ የድሮውን አይመስልም። አትደንግጡ። ግን ለደንበኛም አታቅርቡት። በእንስራ ትንሽ ጠምቃችሁ ቅመሱት፣ ደግማችሁ ጠምቁ፣ ከዚያ ወደ ጋኑ ሂዱ።

ኮምቦልቻዎቹን ያወጣቸው ደግሞ ከፍ ካለው ሰፈር ያሉ አንዲት የጠላ ባለሙያ እናት ናቸው። ልኬያቸው ጥቂት ድፍድፍ ለጥንስስ ለመኗቸው። «እንግዲህ የእኔን ጠላ ልትሸጡ ነው በሉኛ» ብለው ሳቁባቸው። ሰጧቸው ግን። ተወዳዳሪያችሁን ለመለመን አትፈሩ። ወሎ ውስጥ ደጅ ጠንቶ ባዶውን የሚመለስ ጥቂት ነው።

እንቁጣጣሽ ይለፋችሁ አልኳቸው። ፊታቸው ሲጠቁር አየሁ። የሠራተኛ ደሞዝ አለ፣ ኪራይ አለ፣ ምን በልተን ነው የሚለፈን? ጥያቄው ልክ ነው። ጠላው እስኪደርስ ቀሪቦ አፍሉ አልኳቸው። የተሻለ ሐሳብ አሁንም የለኝም። አዲስ የተገዛ ደረቅ ገብስ በደንብ እስኪጠቁር ይቆላል፣ በውሃ ይፈላል፣ ይጠለላል፣ ስኳር ይገባበታል፣ ሲቀዘቅዝ ትንሽ የዳቦ እርሾ። አድሮ በማግሥቱ ይጠጣል። ጋን አይፈልግም። ውሃው ስለሚፈላም ስጋቱ ይቀንሳል። ጠላ ቤት የማይገባው ሙስሊሙ ጎረቤታችሁ ሳይቀር ይገዛችኋል። ለሰርግ ያዝዛል፣ ለእንግዳ ያዝዛል። ልጆቹ መጀመሪያ «ይሄማ የልጆች መጠጥ ነው» ብለው ፎክረው ነበር። በኋላ ጀሪካን አጠራቸው። አሁን ጠላውም ተመልሶ ቀሪቦውን አልተዉትም።

አሁን ወደ ብሩ። እዚህ ላይ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ የሒሳብ ሰው አለና አጭር ላድርገው።

የዱቤ መዝገባችሁ በጎርፉ ከሄደ ዛሬውኑ ቁጭ ብላችሁ ከትዝታችሁ ጻፉት። ሳምንት ካለፈ ትረሱታላችሁ። ባለዕዳውን ግን እንደ ፖሊስ አትጥሩት። ኮምቦልቻና ደሴ ከ2014ቱ ጦርነት ገና ያላገገመ ሰው ሞልቶባቸዋል፣ የእናንተ ደንበኛም ከዚያው ውስጥ ነው። «ጎርፍ ገብቶብናል፣ የቻልከውን ያህል» በሉት። ሁሉንም የማይችል ግማሹን ያመጣል። እቁብ ያላችሁ ሰብሳቢውን አናግሩ። አደጋ የደረሰበትን ሰው እጣ ሳይጠብቅ ማስቀደም በብዙ እቁብ ያለ ወግ ነው፣ መጠየቅ ግን አለበት። ብድር ያለባችሁ ደግሞ የክፍያው ቀን እስኪያልፍ አትደበቁ። ከድሮው አብቁተ፣ ከዛሬው ጸደይ ባንክ ይሁን ከሌላ፣ ጭቃው ሳይጠረግ ያነሳችሁትን ፎቶና የቀበሌ ደብዳቤ ይዛችሁ ቀድማችሁ ሂዱ። ቀድሞ የመጣ ተበዳሪና ጠፍቶ የተገኘ ተበዳሪ አንድ ዓይነት ወንበር አይሰጣቸውም። አዲስ ብድር ከወሰዳችሁ ለእህልና ለዕቃ እንጂ ለቀለም አይሁን። ቀለሙ ላይ ችክ አልኩባችሁ አይደል? ያ ቀለም ቀቢ ከዓይኔ አልጠፋ ብሎ ነው።

ጭቃ ማውጣቱንስ ለብቻችሁ አትሞክሩት። ቅሬያችሁን፣ እድራችሁን ማለቴ ነው፣ ጥሩ። ቅሬ ለቀብር ብቻ የሚመስላችሁ ልጆች አላችሁ። እነዚያ ሦስቱ አንዱ ክርስቲያን፣ ሁለቱ ሙስሊም ናቸው። የሰፈሩ ሰው ግን ሃይማኖት ሳይለይ አካፋውን ይዞ ወጥቶ ያንን ሁሉ ደለል በአንድ ቀን ጠራረገው። ለሠራተኛ ቢከፍሉ ኖሮ የሁለት ጋን ዋጋ ይወጣ ነበር። እናንተም በተራችሁ ስትጠሩ «ሥራ አለብኝ» እንዳትሉ።

የቀረው ቦታው ነው። እዚህ ላይ ከኮምቦልቻዎቹ ጋር አሁንም አልተስማማንም። ወንዝ ዳር ኪራዩ ርካሽ ነው፣ መናኸሪያውም ቅርብ ነው። እኔ ልቀቁ እላለሁ። እነሱ ደንበኛው ይጠፋብናል ይላሉ። ደሴ ብትሆኑ ወንዙን ሸሽታችሁ ወደ ላይ ስትወጡ ከጦሳና ከአዝዋ ገደል ሥር ደግሞ መሬቱ ይንሸራተታል። ስለዚህ «ከፍ በሉ» ብሎ መምከር ለእኔ ቀላል ነው፣ ለእናንተ ግን አይቀልም። ካልለቀቃችሁ መሸጫው እዚያው ይሁን፣ እህሉና ብቅሉ ግን ሌላ ቤት ይደር። አንድ ክፍል ከፍ ያለ ሰፈር ተከራዩ። የመጥመቂያውን መደብ ካለፈው ጎርፍ መስመር በላይ በድንጋይና በሲሚንቶ አንሡት። መስመሩን ሲቀቡት እንዳያጠፉት ለልጆቹ ነግሬያቸው ነበር። መለኪያ ነው። ቦዩን ሰኔ ሳይገባ ጥረጉ፣ የጎረቤታችሁን ቦይ ጨምራችሁ፣ የሚደፈነው ብዙ ጊዜ የእሱ ነውና።

እኔ ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት ቤት ነኝ። ውሃ በጠርሙስ ይዞ የሚመጣ ሰው ካለ፣ ጠርሙሱን አስቀድሞ በፈላ ውሃ ያለቅልቀው።