ራዶን ኪት ለማስመጣት ላሰብከው ወንድሜ፦ የከሰሉን አትግዛ

ወንድሜ ጥያቄህን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ሚኒሶታ ያለችው እህትህ "ብርዱ ሳይወጣ ቤቱን ራዶን አስመርምሩ" ብላሃለች፣ አንተ ደግሞ አዳማ ላይ ማን ይመረምራል፣ መለኪያ ኪቱን በመንገደኛ ላስመጣው ወይ ብለሃል። ራዶን ማለት ከመሬት ውስጥ የሚወጣ፣ የማይታይና የማይሸት፣ ጨረር ያለው ጋዝ ነው፣ ቤት ውስጥ ሲጠራቀም የሳንባ ካንሰር ያመጣል። እህትህ እውነቷን ነው፣ እዛ ከ5 ቤት 2ቱ ከልክ በላይ ነው የሚገኝበት። እኛም ብንሆን ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነን፣ የቦኩን እንፋሎት ታውቀው የለ፣ ጋዝም ስንጥቅ ካገኘ ይወጣል።

1ኛ፣ የከሰሉን ኪት እንዳታስመጣ። ርካሽ ስለሆነ ዘመድ ሁሉ የሚገዛው እሱን ነው። ፖስታ መሳይ ነገር ናት፣ ውስጧ ደቃቅ ከሰል አለ፣ ሁለት ሶስት ቀን ቤት ውስጥ ታስቀምጣትና አሽገህ ቶሎ አሜሪካ ወዳለው ላቦራቶሪ ትመልሳታለህ። ጣጣው መመለሱ ላይ ነው። ራዶን በ3.8 ቀን ግማሹ ያልቃል፣ ሳምንት ካለፈ ሩብ ገደማ ነው የሚቀረው፣ ከዛ በኋላ ምኑን ያነቡታል? እኔ ባሸግኩበት ቀን ነው አንድ መልዕክት መላኪያ ቢሮ ይዤ የሄድኩት። ልጅቷ ፖስታውን በጣቷ ጫን ጫን አድርጋ "ይሄ የሚንኮሻኮሸው ምንድነው?" አለች፣ ከሰል ነው አልኳት፣ "ከሰል ወደ አሜሪካ?" ብላ ወደ ኃላፊው ላከችኝ። ኃላፊው ደብዳቤ አምጣ አለኝ፣ የምን ደብዳቤ ስለው ጎጂ አለመሆኑን የሚገልጽ፣ ከማን ስለው እሱም አያውቀውም። መመሪያውን ዘርግቼ ባሳየው ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም። ኋላ ሙሉ ክፍያ ተቀብለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጡት፣ ከረመ። ላቦራቶሪው ጊዜው ስላለፈ ውጤት የለም ብሎ ጻፈልኝ፣ ገንዘቤን ስጠይቅ "ደርሷል እኮ" አሉኝ። እስካሁን ያንገበግበኛል፣ ገንዘቡ ብቻ ሳይሆን ሰው የልጆቹን ሳንባ ብሎ ሲለፋ እንደ እብድ መታየቱ።

2ኛ፣ አልፋ ትራክ የሚባለውን አስመጣ። የጠርሙስ ክዳን የምታክል ጥቁር ፕላስቲክ ናት፣ ጨረሩ ውስጧ ጭረት ይተዋል፣ ጭረቱ ደግሞ አይጠፋም፣ ስለዚህ በደንብ ካሸግካት መልዕክቱ ቢዘገይም ውጤትህ ውሃ አይበላውም። ሌላው ጥቅሟ ቢያንስ 3 ወር መቀመጧ ነው። የአዳማን ንፋስ ታውቀዋለህ፣ ከህዳር እስከ ጥር አቧራውን ሸሽተን ቤት ዘግተን ነው የምንቀመጠው፣ መዝጋቱ ለልኬት ጥሩ ነው ግን ኃይለኛ ንፋስ የሁለት ቀን ልኬትን ያዛባል፣ በ3 ወር ግን ይካካሳል። እኔ መኝታ ቤት ነው ያስቀመጥኳት፣ ከወለሉ ግማሽ ሜትር ከፍ አድርጌ፣ ከመስኮት አርቄ። ኩሽናና ሻወር ቤት አይሆንም። ግራውንድ ላይ ስለሆንክ ደግሞ አንተን በደንብ ይመለከትሃል፣ ፎቅ ላይ ያለ ሰው ያን ያህል አይሰጋም።

የኔ ውጤት የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው፣ በሜትር ኩብ አየር 100 ቤክሬል (የጨረር መለኪያ ነው)፣ ትንሽ አልፎ መጣ። አሜሪካኖቹ አስተካክሉ የሚሉት ከ148 ጀምሮ ነው፣ በነሱ መለኪያ በሊትር 4 ፒኮኩሪ፣ ዲጂታል ማሽን ከገዛህ በየትኛው እንደሚያነብ አይተህ፣ በፒኮኩሪ ከሆነ በ37 ስታባዛው ቤክሬሉን ታገኛለህ። ሚስቴ ከ100 በላይ ነው ስላት ዝም ብለን አንተወውም አለች። በ2017ቱ የፈንታሌ መንቀጥቀጥ ጊዜ አልጋችን ስር ወለሉ ተሰንጥቆ ነበር፣ መጀመሪያ እሱን አስደፈንኩ፣ መድፈን ብቻውን ግን አይበቃም፣ ከወለሉ ስር ጋዙን የሚስብ ቱቦ ከነፋኑ ያስፈልጋል። ለዚህ የሚሆን ባለሙያ እዚህ የለም አሉኝ። ሰፈር ያለ ቧንቧ ሰራተኛ ጠርቼ፣ ስዕሉን ስልኬ ላይ አሳይቼው፣ ወለሉን በስቶ ፒቪሲውን ከጣሪያ በላይ አወጣልኝ፣ እንዴት አሳምሮ እንደሰራው ብታይ! መብራት ሲጠፋ ፋኑ ይቆማል፣ ግን ድጋሚ ስለካ ከ100 በታች ወርዷል።

ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ቤት ውስጥ ካለ ደግሞ ነገ ዛሬ አትበል፣ ሁለቱ ሲገናኙ አደጋው በጣም ይብሳል። እና ወለሉን ሴራሚክ ላስነጥፍ ነው ያልከውን ልኬቱ እስኪመጣ አቆየው፣ ቱቦ የሚያስፈልግ ከሆነ ሴራሚኩን መልሰህ ማስፈንቀልህ ነው።