ፓርኬ ኮንክሪት ላይ፦ እርጥበቱ ሳይወጣ አታስለጥፊ

ሰላም እህቴ። «ምድር ላይ ያለው ሳሎኔ ኮንክሪቱ ከተሞላ ገና 3 ሳምንቱ ነው፤ ፓርኬ በቀጥታ ላስለጥፍበት?» ላልሽው፣ እባክሽ አትቸኩዪ።

ኮንክሪት ላዩ ደርቆ ይታያል እንጂ ውስጡ ውሃ አለው። ለጥንካሬው 28 ቀን ይባላል፤ ለመድረቅ ግን ወራት ይፈልጋል። በግምት ለ2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ወር ያዢለት። 10 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 4 ወር ገደማ ማለት ነው። እኔ ቸኩዬ ተጎድቻለሁ። ክረምት ሲገባ ፓርኬው ሳሎኑ መሃል ላይ እንደ ድንኳን ተነሳ፣ በሩም አልከፈት አለ። ስናነሳው ኮላው ከሥር እንደ ሊጥ ሆኗል።

መፈተሽ ከባድ አይደለም። ክንድ በክንድ የሚሆን ላስቲክ ወለሉ ላይ አንጥፊና ዙሪያውን በፕላስተር ጥብቅ አድርገሽ አሽጊው። በማግስቱ ግለጪው። ከሥሩ ላብ ካለ ወይም ኮንክሪቱ ከጠቆረ አልደረቀም። ላብ ባይኖርም ባለሙያ በእርጥበት መለኪያ ቢያየው ጥሩ ነው፤ ላስቲኩ ሁሉን አያሳይም።

ሲደርቅ መጀመሪያ ከኮላው ጋር የሚስማማ የእርጥበት መከላከያ ይቀባ። ለምድር ወለል ከወጥ እንጨት ይልቅ በድርብርብ የተሠራውን እመርጣለሁ፤ እርጥበት ሲለዋወጥ ብዙም አይጣመምም። እንጨቱ ክፍሉ ውስጥ ጥቂት ቀን ይቆይ። ግድግዳው ዙሪያ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይተው፣ ዞኮሎው (የግድግዳው ግርጌ ላይ የሚለጠፈው ጠርዝ) ይሸፍነዋል። ሠራተኛው ግድግዳ ድረስ ላስጠጋው ቢልሽ እሺ እንዳትዪ። የእኔ የተነሳው በዚህም ጭምር ነው።