ወርቁ ንጹህ መሆኑ ሳንቲሙን ኦሪጅናል አያደርገውም

የተነሳው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ወንድማችን የጥንት የወርቅ ሳንቲም መሰብሰብ ሊጀምር አስቧል። አንድ ሻጭ የሮሙ ንጉሠ ነገሥት የቀዳማዊ ሊዮ ሶሊደስ (የዘመኑ የሮም የወርቅ ሳንቲም) ነው ያለውን ሳንቲም አቅርቦለታል። ወርቅ ቤት ወስዶ ሲያስፈትሸው «ከ22 ካራት በላይ ነው» ተባለ። ልግዛው ወይ? ለጀማሪ ከየት መነሳት ይሻላል? ውሎ አድሮስ ያተርፈኛል? ነው የሚለው።

ወንድሜ፣ ወርቅ ቤቱ አልዋሸህም። የነገረህ ግን ስለ ወርቁ ነው እንጂ ስለ ሳንቲሙ አይደለም። ፎርጅድ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው ወርቅ የተቀባ መዳብ ነው። እሱ ቀላሉ ነው፤ ሚዛን ያጋልጠዋል። የሚያስቸግረው በእውነተኛ ወርቅ የተሠራው ነው። ሰብሳቢ ለጥንት ሳንቲም የሚከፍለው ከወርቁ ዋጋ በላይ ስለሆነ፣ አታላዩ ንጹህ ወርቅ ገዝቶ፣ አትሞ፣ ሸጦም ያተርፋል። ውሸቱ ያለው ዕድሜው ላይ ነው። ዕድሜን ደግሞ የትኛውም ወርቅ ቤት አይመዝንልህም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው ካርል ቪልሄልም ቤከር በዚህ ሥራ ስሙ የገነነ ሰው ነው። የሞተው እ.ኤ.አ. በ1830 ነው። ማተሚያ ብረቶቹን በገዛ እጁ እየቀረጸ የግሪክና የሮም ሳንቲሞችን ያትም ነበር። አዲስነታቸው እንዳያስታውቅ ከብረት ብናኝ ጋር ሳጥን ውስጥ ይከታቸውና ሳጥኑን ሠረገላ ላይ አስሮ ያንገጫግጫቸው ነበር ይባላል። ዛሬ የቤከርን ሥራ ፎርጅድነቱን እያወቁ የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ። ጉድ ነው!

ወደ አንተ ሳንቲም ልምጣ። ቤትህ ልትሠራው የምትችለው ፍተሻ አለ። 0.01 ግራም የሚለይ ትንሽ ሚዛን ያስፈልግሃል። ሶሊደስ ከአንድ የሮም ፓውንድ ወርቅ 72 እንዲወጣ ተብሎ የሚመታ ሳንቲም ስለሆነ ክብደቱ 4.5 ግራም አካባቢ ነው። ትንሽ የተሻሸው 4.4 ቢመዝን አይግረምህ። 3.9 ከሆነ ግን ወይ ጠርዙ ተከርክሟል ወይ ሌላ ችግር አለ። ቀጥለህ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጥና ሚዛኑን ዜሮ አድርገው። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አንጠልጥለህ የብርጭቆውን ታች ሳይነካ ውሃው ውስጥ አጥልቀው። 4.42 ግራም የሚመዝን ሶሊደስ በዚህ ጊዜ 0.23 ወይም 0.24 ሊያሳይህ ይገባል፤ ይህ ሳንቲሙ የገፋው ውሃ ክብደት ነው። መዳብ ቢሆን ወደ 0.49 ይወጣ ነበር። 4.42ን ለ0.23 ስታካፍል 19.2 ይመጣል፤ ለ0.24 ስታካፍል 18.4። የንጹህ ወርቅ እፍጋት፣ ማለትም በመጠን እኩል ከሆነ ውሃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ፣ 19.3 ነው። ሚዛኑ ላይ አንዲት ቁጥር ብቻ ብትቀየር ውጤቱ ምን ያህል እንደሚዘል አየህ? ስለዚህ ወርቅ መሆኑን እንጂ 95 ይሁን 98 በመቶ ንጹህ በዚህ መንገድ አትለይም። የአየር አረፋም ይለጠፍበታልና ክሩን ነቅነቅ አድርገው።

ይህ ሁሉ ግን አሁንም ስለ ወርቁ ነው። ለሳንቲሙ ማጉያ መነጽር ያዝ፤ አሥር እጥፍ የሚያጎላ ይበቃል። እኔ መጀመሪያ የማየው የንጉሡን ፊት አይደለም፤ ጠርዙን ነው። ዙሪያውን የሚሄድ የመጋጠሚያ መስመር ወይም ያንን መስመር ለማጥፋት የተሞረደ ምልክት ካየሁ ወዲያው አስቀምጠዋለሁ። ቀጥሎ የፊደሎቹን ሥር አያለሁ። ወርቅ በመዶሻ ሲመታ ከመሃል ወደ ዳር ይሸሻል፤ በሸሸበት መንገድ ከፊደሎቹ ሥር ወደ ጠርዙ የሚሄዱ ቀጫጭን መስመሮች ይቀራሉ። ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ከሆነ እነዚህን መስመሮች ማግኘት ይከብዳል። ፊደሎቹ ብዙ ጊዜ ሳሙና ላይ የተጻፉ ይመስላሉ፣ ባዶው ቦታ ላይ ደግሞ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይታያሉ።

በእጄ የቀዳማዊ ሊዮ ሶሊደስ ስላለ ከአንተው ጋር አስተያየው። ሊዮ የነገሠው እ.ኤ.አ. ከ457 እስከ 474 ነው። ንጉሡ ፊቱን በከፊል ወደ እኛ አዙሯል። የራስ ቁር አድርጓል፣ ጦሩን ትከሻው ላይ አጋድሟል፣ ጋሻው ላይ ፈረሰኛ ተቀርጿል። ጋሻው ራሱ ከትንሽ ጣት ጥፍር ያነሰ ነው፤ በማጉያ ስታየው ግን የፈረሱን እግሮች ትለያለህ። በጀርባው ክንፍ ያላት የድል ምስል ረጅም መስቀል ይዛ ቆማለች፣ አጠገቧ ኮከብ አለ። ከእግሯ በታች «ኮኖብ» ተብሎ የሚነበበው ምልክት የቁስጥንጥንያን ማተሚያ ቤትና የወርቁን መጣራት ያመለክታል። የዙሪያው ጽሑፍ ሲያልቅ አንድ የግሪክ ፊደል ታገኛለህ፤ እሷ ሳንቲሙ ከማተሚያ ቤቱ ወርክሾፖች በየትኛው እንደተመታ ትናገራለች። ጽሑፉ አንድ ወገን ላይ ከጠርዙ ወጥቶ ቢቀር አትደንግጥ፤ በእጅ የተመታ ነገር መሃሉን ይስታል።

የሚያስደነግጠው ሌላ ነው። ሁለት ሳንቲሞች ከአንድ ማተሚያ ብረት ከወጡ ፊደላቸውና ምስላቸው መመሳሰሉ ግድ ነው። ነገር ግን የአንዱ ንጉሥ ጉንጭ ላይ ያለ ጭረት ሌላኛው ላይም እዚያው ቦታ፣ በዚያው ርዝመት ካለ አለቀ። ከጊዜ በኋላ የመጣ ጭረት ሁለት ሳንቲም ላይ አይደገምም። አንድ ኦሪጅናል ሳንቲም ተወስዶ ከነቁስሉ ማተሚያ ተሠርቶለታል ማለት ነው። ይህን ዓይነቱን ፎርጅድ ሚዛንም ውሃም አይዘውም፤ ክብደቱ ልክ ነው፣ ወርቁ ልክ ነው፣ በመዶሻም ተመትቷል። የሚይዘው ብዙ ማየት ብቻ ነው። ትልልቅ አጫራቾች የድሮ ጨረታዎቻቸውን ፎቶ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ያስቀምጣሉ። እኔ ሳንቲም ከመግዛቴ በፊት የዚያኑ ዓይነት ፎቶዎች ደርድሬ ማየት ልማዴ ነው። አሰልቺ ይመስላል እንጂ ከዚህ ሥራ ግማሹ ደስታ እሱ ነው።

አሁን ደግሞ ሰው የማይወደው ጉዳይ፦ ወረቀት። እ.ኤ.አ. በ2020 ከቄሳር ገዳዮች አንዱ የሆነው የብሩተስ የወርቅ ሳንቲም ለንደን ውስጥ በጨረታ ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ። ቄሳር መገደሉን በሁለት ጩቤና በነጻነት ቆብ የሚያወራው ዝነኛው ሳንቲም ነው። ከየት እንደመጣ የሚናገረው ታሪክ ግን የተፈበረከ ሆኖ ተገኘና በ2023 ለግሪክ ተመለሰ። ስለዚህ ሳንቲሙ ኦሪጅናል ቢሆንም እንኳ ከእጅህ ሊወጣ ይችላል። ግብፅ፣ ቱርክና ጣሊያንን የመሳሰሉ አገሮች ከመሬታቸው የሚወጣን ጥንታዊ ቅርስ የመንግሥት ያደርጉታል። ጥንቁቅ ገዢዎች የቅርስ ሕገወጥ ዝውውርን ከሚከለክለው ከ1970ው የዩኔስኮ ስምምነት በፊት ከአገሩ የወጣ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ይፈልጋሉ። ያ ባይገኝ እንኳ የድሮ ጨረታ ካታሎግ ወይም ቀን ያለው ደረሰኝ ትልቅ ነገር ነው። «ከአያቴ ሣጥን የተገኘ ነው» የሚለው ወሬ ማስረጃ አይባልም።

ለጀማሪ ከ5ኛውና ከ6ኛው ክፍለ ዘመን ሶሊደስ የተሻለ መነሻ አላውቅም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በብዛት ተመቷል። አንድ ነገር ብቻ አስብ። እ.ኤ.አ. በ447 አካባቢ የምሥራቅ ሮሙ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ቴዎዶስዮስ ለሁኖቹ መሪ ለአቲላ በየዓመቱ 2,100 ፓውንድ ወርቅ ሊገብር ተስማማ። በሶሊደስ ብታሰላው 151,200 ሳንቲም ነው፤ ለዚያውም ለአንድ ጠላት፣ በአንድ ዓመት። የቴዎዶስዮስ፣ የሊዮ፣ የአናስታስዮስና የዩስቲንያን ሶሊደሶች ገበያ ላይ ስለማይጠፉ ለማነጻጸሪያ የሚሆን ፎቶም አይቸግርህም። አቅም ካጠረ ትሬሚሲስ የምትባለው አለች፤ የሶሊደስ ሢሶ ነች፣ 1.5 ግራም ገደማ።

የታላቁ እስክንድር ስቴተርና የሮም አውሪየስ የሚባሉት የወርቅ ሳንቲሞች ይቆዩህ። እነሱ ከሶሊደስ ይከብዳሉ፣ ይወደዳሉ፣ የፎርጅድ ሠሪዎቹም ዓይን ያረፈባቸው ናቸው። አክሱምን ልቤ ይወደዋል፤ ከ3ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከንጉሥ ኢንዱቢስ ጀምሮ ወርቅ ያተመ መንግሥት ነው። ኢዛና በጨረቃና በክብ ምልክት ጀምሮ በመስቀል የጨረሰበት ለውጥ እዚያችው ትንሽ ወርቅ ላይ ይነበባል። እ.ኤ.አ. በ1980 የመን ውስጥ አል-መዳሪባ በተባለ ቦታ የተገኘው ክምችት 868 የአክሱም ወርቅና 326 የሮም ሶሊደስ አንድ ላይ የያዘ ነበር። ቅርስነቱ ግን ከበድ ያለ ጉዳይ ስለሆነ የመውጫ ወረቀት የሌለውን የአክሱም ወርቅ ጭራሽ አትንካ።

ከገዛህ በኋላ አታጽዳው። ወርቅ ለስላሳ ነው፤ በጨርቅ ስታሸው የሚቀሩት ጥቃቅን ጭረቶች ብርሃን ላይ ያሳብቃሉ። ቅባት ካለበት አሴቶን የተባለው ቅባት የሚያሟሟ ፈሳሽ ውስጥ ዘፍዝፈህ ሳታሸው አድርቀው፤ አሴቶኑ እሳት እንዳያገኘው ብቻ ተጠንቀቅ። ቀላ ያለ ወይም ሐምራዊ ቀለም ካለው ደግሞ ተወው፣ ውበቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 ቬሱቪየስ ተራራ አጠገብ ቦስኮሪያሌ ላይ የተገኙት ወደ 1,000 የሚጠጉ አውሪየሶች በዚህ ቀለም ምክንያት እስከ ዛሬ ተጨማሪ ዋጋ ያወጣሉ። ጉትቻ ወይም የአንገት ጌጥ የነበረ ሳንቲም ግን ዋጋው ይወርዳል። ከንጉሡ ራስ በላይ ያለውን ጠርዝ እይ፤ የተበየደ ወይም ተበስቶ የተደፈነ ቦታ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው።

ትርፉን በተመለከተ፣ ለትርፍ ከሆነ የወርቅ ጥፍጥፍ ግዛ። ጨረታ ላይ መዶሻው ያረፈበት ዋጋ የመጨረሻው ዋጋ አይደለም። ብዙዎቹ አጫራቾች 20 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ኮሚሽን ከላዩ ይጨምሩበታል፤ ስትሸጥም የሚቆርጡብህ አሉ። በዚያ ላይ ብርቅ የተባለው ነገ ማሰሮ ሙሉ ሊወጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1993 ጀርመን ትሪር ከተማ ለግንባታ ሲቆፈር ከ2,500 በላይ የሮም የወርቅ ሳንቲሞች ወጥተዋል። ሙዚየም ገቡ እንጂ ገበያ ላይ ቢበተኑ ኖሮ ተመሳሳዩን በውድ የገዛ ሰው ሆዱ ይቃጠል ነበር።

የቀረበልህን ሳንቲም ዛሬ አትግዛው። ሻጩን ሦስት ነገር ጠይቀው፦ ከማን፣ መቼ፣ በምን ደረሰኝ ገዛው? ፎርጅድ ሆኖ ቢገኝ ያለ ጊዜ ገደብ ገንዘብህን እንደሚመልስ በጽሑፍ ይስጥህ። ደህና ስም ያለው ነጋዴ ይህን ሲጠየቅ አይከፋውም። «ሌላ ገዢ እየጠበቀ ነው፣ ቶሎ ወስን» ካለህ ለዚያ ለሌላው ገዢ ተውለት። ፈቃደኛ ከሆነ ግን የፊቱን፣ የጀርባውንና የጠርዙን ፎቶ ከነክብደቱ አምጣው፣ ከድሮ ጨረታዎቹ ጋር አብረን እናስተያየዋለን።