5.2 እና 190፦ የራዶን ውጤት እንዴት ይነበባል?

ጥያቄ፦ በኮሎራዶ፣ አውሮራ ልንገዛ ያሰብነው ቤት ምድር ቤቱ ለራዶን ጋዝ ተመርምሮ ውጤቱ 5.2 ሆነ። ፍራንክፈርት የምትኖረው እህቴ ግን የእርሷ መለኪያ 190 እንደሚያሳይ ነገረችኝ። የእርሷ ቤት ከእኛ ይህን ያህል የከፋ ነው? እኛስ ቤቱን እንተወው?

መልስ፦ በሁለቱ ቤቶች አየር ውስጥ ያለው ራዶን (ከመሬት የሚወጣ፣ ጨረር የሚያመነጭ ጋዝ) እኩል ነው ማለት ይቻላል፤ የተለያየው የመለኪያ አሃዱ ነው። የአሜሪካ ውጤት የሚጻፈው በፒኮኪዩሪ በሊትር ሲሆን የጀርመኑ በቤክረል በሜትር ኩብ ነው። አንድ ቤክረል በአንድ ሰከንድ ውስጥ አንድ አቶም ፈረሰ ማለት ስለሆነ፣ በእህትዎ ክፍል በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ በየሰከንዱ 190 ያህል የራዶን አቶሞች ይፈርሳሉ። አንድ ፒኮኪዩሪ በሊትር 37 ቤክረል በሜትር ኩብ ነውና የእርስዎን 5.2 በ37 ቢያባዙት 192 ያገኛሉ።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን አገሮች ያስቀመጡት ወሰን መለያየቱ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ውጤቱ 4 ፒኮኪዩሪ፣ ማለትም 148 ቤክረል ሲደርስ ቤቱ እንዲስተካከል ይመክራል፤ ጀርመን በሕግ የደነገገችው የዓመት አማካይ ግን 300 ቤክረል ነው። በዚህ ስሌት ያው አየር አውሮራ ላይ ከወሰን በላይ፣ ፍራንክፈርት ላይ ከወሰን በታች ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ያቀረበው ምክር ከሁለቱም ዝቅ ብሎ 100 ቤክረል ነው። ራዶን ለሳንባ ካንሰር የሚያጋልጠው ከወሰኑ በታችም ቢሆን ስለሆነ፣ በተለይ በቤቱ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ካለ፣ እህትዎ 300 አልሞላም ብለው ችላ እንዳይሉት አደራ እላለሁ።

ቁጥሩ ስንት ቀን ተለክቶ እንደተገኘም ሪፖርቱ ላይ ይመልከቱ። የራዶን መጠን ከሰዓት ሰዓት፣ ከወቅት ወቅት ይለዋወጣል፤ ብዙ ጊዜ መስኮት ተዘግቶ ማሞቂያ በሚሠራበት ክረምት ከፍ ይላል። ስለዚህ የጥቂት ቀናት ምርመራ ፍንጭ ይሰጣል እንጂ የዓመቱን አማካይ አይነግርዎትም፤ እርሱን ለማወቅ ከ90 ቀን በላይ የሚቆይ መለኪያ ያስፈልጋል። እህትዎም የአንድ ሰዓት ንባብ ሳይሆን መሣሪያው ያጠራቀመውን የረጅም ጊዜ አማካይ ይዩ።

ቤቱን ስለ መተው፣ በዚህ ምክንያት ብቻ አይተዉት። ብቁ ባለሙያ ከወለሉ ሥር ያለውን አየር በቧንቧና በማራገቢያ ስቦ ከጣሪያ በላይ እንዲወጣ ማድረግ ይችላል፤ በዚህም ውጤቱን ከ4 ፒኮኪዩሪ በታች ማውረድ የተለመደ ነው። ውል ከመፈረምዎ በፊት ወጪውን ሻጩ እንዲሸፍን ይደራደሩ፤ ሥራው ካለቀ በኋላም ቤቱ እንደገና እንዲለካ በውሉ ውስጥ ያስገቡ።