ለባክቴሪያ ስም ከማውጣታችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ድሬዳዋ ከፊራ ገበያ ድንች ስገዛ የማይለቀኝ ልማድ አለ። አንዱን አነሳና ለሁለት እቆርጠዋለሁ። ከልጣጩ ትንሽ ገባ ብሎ ቡናማ ቀለበት ካየሁ ጫን አደርገዋለሁ። ነጣ ያለ ዝልግልግ ነገር ብቅ ካለ አጠውልግ የሚባለውን የባክቴሪያ በሽታ እጠረጥራለሁ። ሻጯ ታዲያ "አቦ አባባ፣ መጀመሪያ ይክፈሉ፣ ከዚያ ይቁረጡ!" ትለኛለች። እውነቷን ነው።

ይህን የምጽፈው የዕፅዋት በሽታ ለምታጠኑ ነው። ስታገኙኝ የምትጠይቁኝ ስለ ጂኖም ብቻ ሆኗል። "የባክቴሪያውን ዲኤንኤ ሙሉውን ካነበብነው ሌላው ድካም ለምን?" ትሉኛላችሁ። እኛ አንዱን የአጠውልግ ባክቴሪያ ለመመደብ የትኛውን ስኳር እንደሚበላ በቱቦ እየፈተንን፣ ቀለሙ እስኪለወጥ ቁጭ ብለን እንጠብቅ ነበር። ቅናት ቢጤ አለብኝ፤ አልደብቃችሁም።

ለውጡ በእርግጥ ትልቅ ነው። የሁለት ባክቴሪያዎች ጂኖም ይነጻጸርና የሚጋሩት ክፍል በአማካይ ከ95 እስከ 96 በመቶና ከዚያ በላይ ከተመሳሰለ እንደ አንድ ዝርያ ይቆጠራሉ። በዚህ መለኪያ ስንቱ የቆየ ስም ፈረሰ!

እንሰትን ውሰዱ። ዳኛቸው ይርጉ እና ብራድበሪ የእንሰት አጠውልግን ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1968 ሲገልጹት ራሱን የቻለ ዝርያ አድርገው ዛንቶሞናስ ሙሳሴረም አሉት። በኋላ ካምፔስትሪስ የሚባል ሰፊ ዝርያ ውስጥ ተጨመረ። ጂኖሙ ሲነበብ ግን የቅርብ ዘመዱ ሌላ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2020 ቫሲኮላ ወደሚባል ዝርያ ተዛወረ። እዚያ ቤት ውስጥ ማን አለ መሰላችሁ? የማሽላን ቅጠል ሰረዝ በሰረዝ የሚያደርገው ባክቴሪያ። ማሽላ ለሐረርጌ ሰው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ይህን ሳነብ ቡናዬ እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

ግን አትቸኩሉ። የማሽላው ባክቴሪያ እንሰት ያደርቃል ማለት አይደለም። አንድ ዝርያ ሆነው የሚያጠቁት ተክል ይለያያል። ፓቶቫር የሚባለው ተጨማሪ ስም የመጣው ለዚህ ነው። እሱን ለማወቅ ጤነኛ ችግኝ ትወጋላችሁ፣ ትጠብቃላችሁ፣ ከታመመም ባክቴሪያውን መልሳችሁ ታወጣላችሁ። ይህን ሥራ እስካሁን ዲኤንኤ የሚያነበው ማሽን አልወሰደውም።

አንድ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ማሳ የጠወለገ የቲማቲም ግንድ ሰብስቤ በበረዶ ሣጥን ይዤ መጣሁ። በመንገድ ላይ ምሳ አማረኝ። ሣጥኑን ባጃጅ ውስጥ ትቼ ገባሁ። የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ፤ ስመለስ በረዶው ውሃ ሆኗል። ላብራቶሪ ገብቼ የባክቴሪያ ምግብ ባለበት ሳህን ላይ ዘራሁት። በማግስቱ ሳህኑን የሞላ ባክቴሪያ አገኘሁና ደስ አለኝ። የአጠውልግ ባክቴሪያ በ28 ዲግሪ እንኳ በደንብ ለመታየት ሁለት ቀን ያህል እንደሚፈልግ እያወቅሁ! ዲኤንኤውን አውጥቼ እንዲነበብ ውጭ አገር ላክሁት። ገንዘብ ወጣ፣ ወራት አለፉ። ውጤቱ ሲመጣ የበሰበሰ ነገር ላይ የሚኖር ተራ ባክቴሪያ ነው። ማሽኑ የላክሁለትን ነው ያነበበው።

ያን ዕለት ግንዱን ቆርጬ ንጹህ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ባቆመው ኖሮ፣ በደቂቃዎች ውስጥ እንደ ወተት ክር የሚወርደውን አይ ነበር። ከዚያ ናሙና ነበር መጀመር የነበረብኝ።

ገበሬው ስለ ስሙ ምን አገባው? በጣም ነው የሚያገባው። ድንችና ቲማቲም የሚያጠወልገው፣ ድሮ ራልስቶኒያ ሶላናሲያረም ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ2014 ሦስት ዝርያ ሆነ። ከአሜሪካ አህጉር የመጣው ወገን የድሮውን ስም ያዘ። የእስያውና የአፍሪካው ሲውዶሶላናሲያረም፣ የኢንዶኔዢያው ሲዚጊ ተባሉ። ከአሜሪካው ወገን አንዱ ብርድ የሚችል ነው፤ በድንች ዘር ዓለምን ዞሯል። ደጋ ላይ ተክሉም ድንቹም ጤነኛ ሊመስል ይችላል። ያ ዘር ሞቃት ቆላ ወርዶ ሲተከል ነው ጉዱ የሚወጣው። ስለዚህ ደጋ የበቀለ ዘር ስታዩ "አላመመውም" ብላችሁ አትለፉት። አስመርምሩት።

አሁንም ይኸው ባክቴሪያ ያለባቸው አንዳንድ አሮጌ ቱቦዎች አሉኝ። ስቲከራቸው ላይ ሲውዶሞናስ ብዬ ጽፌያለሁ። እ.ኤ.አ. በ1992 ቡርክሆልደሪያ ሆነ፣ በ1995 ራልስቶኒያ። ስሙን ሁለት ጊዜ ሰርዤ ጽፌያለሁ። ከስሙ በታች ያለውን መስመር ግን ነክቼው አላውቅም፦ የት ማሳ፣ በየትኛው ቀን፣ ከየትኛው ተክል፣ ከግንድ ወይስ ከሥር። እሱን በእርሳስ ጻፉት። ማርከር አልኮል ሲነካው ይጠፋል።